ስሮጥ ያው ሕመሜ ይነሳብኛል፤ ልተወው ወይ?

«ዕድሜዬ 29 ነው፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከስምንት ወር በፊት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስሄድ ሳላስበው ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ከንፈሬና ጣቶቼ ደነዘዙ፣ የምሞት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገባሁ፤ ኢሲጂውም (የልብ ምርመራው) ደሙም ደህና ነው ተባለ። በመጨረሻ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ፓኒክ ዲስኦርደር (ብርቱ ፍርሃት በድንገት ደጋግሞ የሚነሳበት ሕመም) ነው አሉኝ። ሰርትራሊን የተባለውን የጭንቀት መድኃኒት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ሐኪሙ ‹ስፖርት ሥሪ፣ ራሱ መድኃኒት ነው› ሲሉኝ እህቴን ይዤ በጠዋት መስቀል አደባባይ ሄድኩ። ደረጃውን ሁለት ዙር ሳልጨርስ ያው ታክሲ ውስጥ የያዘኝ ነገር ያዘኝ፤ ዝርግፍ ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሁን የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ መውጣት እንኳ ፈራሁ። ውኃና ግማሽ ዲያዜፓም (የሚያረጋጋ ክኒን) ቦርሳዬ ውስጥ ከሌለ ከቤት አልወጣም። ስፖርት መድኃኒት ከሆነ ለምን ሕመሜን ይቀሰቅስብኛል? ልተወው ወይ?»
ሐ. ከጀሞ

እህታችን ሐ.፣ አይተዉት። ሐኪምዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሰርትራሊኑን ሲያዙልዎ ስንት ሚሊግራም፣ በቀን ስንቴ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ ብለው ጽፈዋል። ስፖርቱ ግን «ሥሪ» ተብሎ ታለፈ። ለጀማሪ የመስቀል አደባባይን ደረጃ መሮጥ የወር ክኒንን በአንድ ጉንጭ እንደ መዋጥ ነው። መድኃኒቱ ስህተት አልነበረም፤ መጠኑ ነበር።

ደረጃው ላይ ምን እንደሆነ እንየው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። በዚያ ላይ ሰውነትዎን ሳያሟሙቁ ሽቅብ ሮጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ጡንቻ የሚፈልገውን ኦክስጅን ልብና ሳንባ ገና ያላደረሱበት ጊዜ ስለሆነ ማንም ሰው ያለከልካል። አጠገብዎ ይሮጥ የነበረውም ሰው ልቡ እንደ እርስዎ ይመታ ነበር። እሱ «ኧረ ደከመኝ» አለ፤ እርስዎ «ልሞት ነው» አሉ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ፍርሃቱ አድሬናሊን ጨመረ፣ አየር በላይ በላዩ መሳብ ጀመሩ፣ በዚህም ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወረደ። የከንፈርና የጣት መደንዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ልብ ስለቆመ አይደለም። ቀጥሎ ዝርግፍ ብለው ሲቀመጡ እግር ጡንቻ ሽቅብ ይገፋው የነበረው ደም እግር ላይ ቀረ፤ ራስ ዞረ። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደራርበው አንድ ሞት መሰሉ።

እንግዲህ ጥያቄዎ፦ መድኃኒት ከሆነ ለምን ይቀሰቅሰዋል? መድኃኒት የሆነው ስለሚቀሰቅሰው ነው። ስፖርት እንቅልፍ ያስተካክላል፣ የተወጠረ ጡንቻ ያላላል፣ ይህ ሁሉ ደግ ነው። በፓኒክ ሕመም ግን ዋናው ሥራው ሌላ ነው። የእርስዎ ፍርሃት ታክሲውን አይደለም፤ የልብዎን ምት ነው። ሩጫ ያንኑ ምት፣ ያንኑ ላብ፣ ያንኑ የትንፋሽ ማጠር እርስዎ በመረጡት ሰዓትና መጠን ያመጣልዎታል። መጥቶ ምንም ሳያደርግ ሲሄድ ደጋግመው ሲያዩት አንጎል የቀድሞ ፍርዱን ማረም ይጀምራል።

ለነገሩ ሐኪሞችም በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ተሳስተው ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለጭንቀት ሕመምተኞች ላክቴት የተባለውን ንጥረ ነገር በደም ሥር ሲሰጡ ፓኒክ ተነሳባቸው። ጡንቻ ሲሠራ ላክቴት ስለሚያመነጭ «እንዲህ ያለ ሰው መልፋት የለበትም» የሚል ምክር ተስፋፋ። ኋላ ግን ሕመምተኞቹን መሮጫ ማሽን ላይ ሲያወጧቸው ፓኒክ የያዘው ጥቂቱን ብቻ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ 46 የፓኒክ ሕመምተኞች ለ10 ሳምንት በሦስት ተከፈሉ፦ አንዱ ወገን ሮጠ፣ አንዱ ክሎሚፕራሚን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፣ አንዱ ባዶ ክኒን ወሰደ። ሯጮቹ ከባዶ ክኒኑ ወገን በግልጽ ተሻላቸው። ነገር ግን መድኃኒቱ ቶሎም የበለጠም ሠራ፤ ከሯጮቹም ሲሦ ያህሉ አቋርጠው ወጡ። ከዚህ የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሰርትራሊንዎን በሩጫ አይተኩ፤ ጎን ለጎን ያስኪዱ። ሁለተኛ፣ የስፖርት ትልቁ ጉድለት አለመሥራቱ ሳይሆን ሰው መተዉ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰጥዎ መጠን ሆን ተብሎ ትንሽ ነው፤ «ይኼ ምን ያደርግልኛል» ብለው እንዳያልፉት።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። ኢሲጂ ደህና ነው መባልዎ ጥሩ ነው፤ ኢሲጂ ብቻውን ግን የልብ በርን ችግር ላያሳይ ይችላል። በአገራችን በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ትቶት የሚሄድ የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ነው። በልጅነትዎ ትኩሳት ያለው የመገጣጠሚያ እብጠት ይዞዎት ከነበረ፣ በሥራ መሀል ራስዎን ስተው ከወደቁ፣ ወይም ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ለሐኪምዎ ይንገሩና በማዳመጫ፣ ካስፈለገም በልብ አልትራሳውንድ ይታዩ። የታይሮይድና የሄሞግሎቢን ምርመራ ያልተደረገልዎ ከሆነም ይደረግልዎ፤ ከልክ በላይ የሚሠራ የታይሮይድ ዕጢም ደም ማነስም ልብን ያስመታሉ፣ ያኔ ሩጫው መፍትሔ አይሆንም። ዕረፍት ላይ ሳሉ የሚነሳና በአሥር ደቂቃ አካባቢ ጫፍ ደርሶ የሚወርድ የልብ ምት የፓኒክ ጠባይ ነው። ሽቅብ ሲወጡ ሁልጊዜ የሚመጣና ሲቆሙ የሚለቅ የደረት መጨምደድ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ካለ ሩጫውን ትተው ይመርመሩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ለሩጫ ከቤት አይውጡ። ሳሎንዎ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ይቁሙ (ታች ፎቅ ያሉት ጎረቤቶችም እንዳይቆጡ)፤ ጉልበትዎን ከፍ እያደረጉ በቦታዎ ለአንድ ደቂቃ ይሩጡ። ሲጨርሱ አይቀመጡ፤ ቆመው ወይም እየተንጎራደዱ የሚሰማዎትን ይከታተሉ። ምቱ እስኪበርድ ጠብቀው ይድገሙ። በቀን ሦስት ዙር፣ በሳምንት አምስት ቀን። የሚያስፈራዎት ማዞሩ ከሆነ ክፍት ቦታ ቆመው ለ30 ሰከንድ በዝግታ ይሽከርከሩ፤ የሚያስፈራዎት የትንፋሽ ማጠር ከሆነ አፍንጫዎን ይዘው በቀጭን ስትሮው ለአንድ ደቂቃ ይተንፍሱ። አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ እነዚህን ሁለቱን ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክር።

ከመሮጥዎ በፊት ግን ይጻፉ። ይህን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ሥራውን ግማሽ የሚሠራው እሱ ነው። ከየትኛውም ደብተር አንድ ገጽ ይበቃል፣ እንዲህ፦

«ሰኞ ማታ 1፡30። በቦታ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ። ይሆናል ብዬ የፈራሁት፦ ራሴን ስቼ እወድቃለሁ። ፍርሃት ከ10፦ 8። የሆነው፦ ልቤ መታ፣ ላብ አላበኝ፣ በ3 ደቂቃ ረገበ። አልወደቅኩም። ሁለተኛ ዙር፣ ፍርሃት 6። ሦስተኛ፣ 6።»

ቁጥሩ ሁልጊዜ አይወርድም፤ አንዳንድ ቀን ይወጣል። ዋናው «የፈራሁት» እና «የሆነው» የሚሉት ሁለት መስመሮች በየቀኑ አለመግጠማቸውን በገዛ እጅዎ ጽፈው ማየትዎ ነው። የፈሩት እንዳልደረሰ ከአምስት ገጽ በኋላ ማንም እንዲነግርዎ አያስፈልግዎትም። ፍርሃቱ ሦስት አካባቢ ሲደርስ ወደ ውጭ ይውጡ።

ውጭ ሲወጡ ሜዳ ይምረጡ። እንጦጦ ዛፉ ደስ ይላል፣ ከፍታው ግን 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ለኋላ ይቆይዎት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን፣ እያንዳንዱ 25 ደቂቃ። ስምንቱ ደቂቃ ከዝግታ ጀምሮ እየፈጠነ የሚሄድ እርምጃ ነው። ይህ ማሟሟቂያ የእርስዎ ዋና መከላከያ ስለሆነ አይቀንሱት፤ ያ የመጀመሪያው ማለክለክ በብዛት የሚመጣው ሰውነት ሳይዘጋጅ ሲነሳ ነው። ከዚያ 30 ሰከንድ ሶምሶማ፣ 90 ሰከንድ እርምጃ፤ ይህን ስድስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ እየዘገዩ ይራመዱ። በአራተኛውና በአምስተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ። ከስምንተኛው ሳምንት ወዲያ ማሟሟቂያውና ማቀዝቀዣው እንዳለ ሆኖ 25 ደቂቃ ያልተቆራረጠ ሶምሶማ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ድምሩ በሳምንት 75 ደቂቃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ለጠንካራ እንቅስቃሴ ያስቀመጠው ዝቅተኛው ልክ ነው። አንድ ደረጃ ከከበደዎ ሳምንቱን ይድገሙት፤ ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን ያንኑ ሳምንት እንደገና መሥራት ነው።

ሶምሶማ ከቶ የማይሆንልዎ ከሆነ ወይም ሰፈሩ በንጋት ውሻ የሚበዛበት ከሆነ ፈጣን እርምጃና ገመድ ዝላይም ይሠራሉ። ስዊድን ውስጥ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 286 ሰዎች ይዞ ለ12 ሳምንት የተካሄደ ጥናት ቀለል ያለውም ጠንከር ያለውም እንቅስቃሴ ምልክቶቹን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለፓኒክ ግን ልብ እንዲመታ የሚያደርገውን ነገር ጨርሶ እንዳይተዉ እንመክራለን፤ ለዘለዓለም በቀስታ ብቻ መራመድ ፍርሃቱን አክብሮ መኖር ነው።

ልኩን እንዴት ያውቃሉ? ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎ መካከለኛ ነው፤ እስከ አምስተኛው ሳምንት እዚያ ይቆዩ። ሦስት አራት ቃል ተናግረው መተንፈስ ካስፈለገዎ ጠንካራ ነው፤ ለኋላው ሳምንታት ነው። በቁጥር ካስፈለገ 220 ሲቀነስ 29፣ 191 ይሆናል፤ መካከለኛው ከ122 እስከ 145 ምት በደቂቃ አካባቢ ነው። ይህን የጻፍነው ልብዎ 140 ሲገባ በሽታ እንዳይመስልዎ እንጂ እንዲቆጥሩት አይደለም። ምት የሚቆጥር ሰዓት ካለዎት ቤት ይተዉት። በየሁለት ደቂቃው የእጅ አንጓ መያዝ ራሱ የሕመሙ አካል ነው።

ሩጫው መሀል ቢይዝዎትስ? ይይዝዎታል፤ ምናልባት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን። አይቀመጡ፣ በድንገትም አይቁሙ። ወደ እርምጃ ይውረዱና መራመድዎን ይቀጥሉ። አየር ለመሳብ አይታገሉ፤ ማውጣቱን ያርዝሙት፦ ሦስት እርምጃ እያስገቡ፣ አምስት እርምጃ እያስወጡ። ይህም ምልክቱን ለማባረር አይደለም፤ በላይ በላዩ መተንፈሱን ለማቆም ብቻ ነው። «ይምታ፣ እየሠራሁ ነው» ማለት «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ብሎ ራስን ከመለመን ይሻላል። ከዚያ ወሳኙ ነገር፦ ሲረግብ ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት አንዲት የ30 ሰከንድ ሶምሶማ ይጨምሩ። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ሮጠው ቤት ከገቡ አንጎልዎ የሚይዘው «ያዳነኝ ማምለጤ ነው» የሚለውን ነው። መስቀል አደባባይ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ለዚህ ነው ፍርሃቱ ከአደባባዩ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ የተሻገረው።

በዚሁ ምክንያት ስለ እህትዎና ስለ ቦርሳዎ መናገር አለብን። እህትዎ ደግ ሠርተዋል፤ ግን ሁልጊዜ አብረው ከሮጡ ልብዎ የሚማረው «እህቴ ስላለች ተረፍኩ» የሚለውን ነው። የመጀመሪያውን የውጭ ሳምንት አብረው ይሩጡ። በሁለተኛው እሳቸው አንድ ቦታ ይቀመጡ፣ እርስዎ ይዙሩ። ከሦስተኛው ጀምሮ ቤት ይቅሩ፤ ስልክም አይደውሉልዎ። የውኃው ላስቲክም እንዲሁ፤ ለ25 ደቂቃ ሶምሶማ በፊትና በኋላ መጠጣት ይበቃል። ዲያዜፓሙን ከሩጫ በፊት አይውሰዱ፤ ሊማሩት የወጡትን ስሜት ያደነዝዘዋል። ቦርሳ ውስጥ መያዙን ትተው መጀመሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። በየቀኑ የሚወስዱት ከሆነ ግን በራስዎ አያቁሙት፤ በድንገት ሲቆም ራሱ ብርቱ ጭንቀት ያመጣል፣ አንዳንዴም ያንቀጠቅጣል። አቀናነሱን ሐኪም ይዘዝልዎ።

ስለ ሰርትራሊኑ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ መቁነጥነጥና ልብ መምታት ሊጨምር ይችላል፤ መስቀል አደባባይ የሄዱት ምናልባት በዚያው ሰሞን ነው። ያ ያልፋል፤ ሙሉ ጥቅሙን ለማየት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ይህን የሚያነቡ ሌሎች፦ ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ምቱ ብዙ ስለማይወጣ በቁጥር አይመራ፤ የንግግሩን መለኪያ ይጠቀም። አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከመድኃኒቱ የተነሳ ልቡ ፈጠን፣ አፉም ደረቅ ሊል እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

ቡና። አቦል ቶና በረካ ጠጥቶ መሮጥ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ካፌይን ደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የከሰዓቱ ቡና የሌሊቱን እንቅልፍ ይነካል። በአንድ ጊዜ አይተዉት፤ ራስ ምታቱ ሌላ ስጋት ይሆንብዎታል። በሳምንት አንድ ስኒ እየቀነሱ ወደ አንድ ያውርዱት፤ እሷንም ከሩጫ በኋላ ይጠጧት። ጫት ከሆነ ግን ቅናሽ የለውም፣ ይተዉት። በጾም ሰሞን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ መሮጥ የስኳር መውረድን ሊያመጣ ይችላል፤ መንቀጥቀጡና ላቡ ከፓኒክ ጋር ቁርጥ አንድ ስለሆነ ግራ ይጋባሉ። በጾም ቀን ከበሉ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይሩጡ። ጸበል ለሚሄዱም፦ ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፤ ክኒኑን ግን ለጸበል ብለው አያቋርጡ።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? ከአንድ ሩጫ በኋላ የሚሰማው እፎይታ የዕለት ነው፤ በዚያ አይለኩት። ለውጡን በአምስተኛው ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይጠብቁ፤ ፍርድ መስጠት ያለብዎ ግን በአሥረኛው ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጭንቀት በተነሳ ቁጥር ለማባረር ብለው ጫማ አይጫሙ። ሩጫው በቀኑና በሰዓቱ ይሁን፤ አለዚያ እሱም እንደ ዲያዜፓሙ ማምለጫ ይሆናል። ጉንፋን ይዞዎት ሁለት ሳምንት ካቋረጡ ካቆሙበት ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ መለስ ብለው ይጀምሩ። አሥር ሳምንት በትክክል ሠርተው ለውጥ ከሌለ፣ ወይም መሀል ላይ ከአልጋ መነሳት ካቃተዎ፣ ሐኪምዎን መጠኑን ስለ ማስተካከልና ስለ ንግግር ሕክምና ይጠይቁ፤ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (ሐሳብንና ልማድን በማረም የሚሠራ የንግግር ሕክምና) የሚሰጥ ባለሙያ ካገኙ ከሁሉ ቀድመን የምንመክረው እሱን ነው። ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ አሥር ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የቀረው ታክሲው ነው። እሱን ከሰባተኛው ሳምንት በፊት አይንኩት። ያኔ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ሁለቴ በፍጥነት ወጥተው ወርደው፣ ልብዎ እየመታ ሳለ ይሳፈሩ። ሁሌ በር አጠገብ ይቀመጡ ከነበረ አሁን የኋላው ወንበር ላይ፣ ጥግ ይግቡ። መጀመሪያ ከጀሞ መካኒሳ ብቻ፤ ይውረዱና ይመለሱ። ይህን በሳምንት ሦስቴ። ፍርሃቱ ከግማሽ ሲወርድ ሳር ቤት፣ ከዚያ ሜክሲኮ። ደብተሩን ይዘው ይሂዱ፤ «የፈራሁት» የሚለውን ሳይሳፈሩ፣ «የሆነው» የሚለውን ሲወርዱ ይጻፉ።